የጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም እና የጉልበት ቅየራ ቀዶ ሕክምና፦ ለመካነ ሰላምና ለምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋማ ወረዳዎች ነዋሪዎች የተዘጋጀ መረጃ

መግቢያ

በመካነ ሰላም ከተማ፣ በቦረና፣ በወግዲ፣ በሳይንት፣ በመሐል ሳይንት፣ በለጋምቦና በአጎራባች ደጋማ ወረዳዎች ወደ እርሻ፣ ወደ ገበያ፣ ወደ ውኃ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ መስጊድ የሚደረገው ጉዞ በአብዛኛው ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት መንገድ በእግር የሚከናወን ነው። አጨዳና አረም፣ የጓዳ ሥራ፣ በመጸዳጃ ቤት መጠቀም እንዲሁም ስግደት ጉልበትን አጥብቆ ማጠፍን ይጠይቃሉ። በመሆኑም ጉልበቱ የታመመ ሰው የሚያጣው ምቾቱን ብቻ ሳይሆን ሠርቶ የማደር አቅሙንና ከጎረቤቱ፣ ከዕድሩና ከእምነት ቦታው ጋር ያለውን ግንኙነት ጭምር ነው።

ሕመሙ ግን በዝምታ ሊቻሉት የሚገባ የእርጅና ዕጣ አይደለም። አብዛኛው ታካሚ ያለ ቀዶ ሕክምና ሊሻለው ይችላል። ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው ደግሞ የሕክምናው ውጤት በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ብቻ እንደማይወሰንና እኩሌታው ከቤት በሚደረግ ዝግጅትና በማገገሚያ ወራት በሚደረግ እንቅስቃሴ ላይ የተመሠረተ መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል። ይህ ጽሑፍ ታካሚዎችና ቤተሰቦቻቸው ገንዘባቸውንና ጊዜያቸውን ከማውጣታቸው በፊት ሊያውቁት የሚገባውን መረጃ ይዟል።

የጉልበት መገጣጠሚያ ብግነት ምንድን ነው?

የጉልበት መገጣጠሚያ የጭን አጥንት፣ የቅልጥም አጥንትና የጉልበት ሎሚ የሚገናኙበት ቦታ ነው። የአጥንቶቹ ጫፎች ልም አጥንት በተባለ ለስላሳና አንሸራታች ሽፋን የተሸፈኑ በመሆናቸው በጤናማ ጉልበት ውስጥ አጥንት ከአጥንት ጋር አይፋተግም። ይህ ሽፋን እየሳሳና እየተበላ ሲሄድ፣ በዙሪያው ያለው አጥንት ሲያብጥና መገጣጠሚያው ሲቆጣ የሚፈጠረው ሕመም ኦስቲዮአርትራይተስ ይባላል። በሕዝቡ ዘንድ በአብዛኛው ቁርጥማት በሚል የወል ስም ይጠራል።

የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ዙሪያ 528 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከኦስቲዮአርትራይተስ ጋር ይኖሩ የነበረ ሲሆን፣ ከመገጣጠሚያዎች ሁሉ ይበልጥ የሚጠቃው ጉልበት ነው። ከታማሚዎቹ 73 በመቶ ያህሉ ዕድሜያቸው ከ55 ዓመት በላይ፣ 60 በመቶዎቹ ደግሞ ሴቶች ናቸው።

የሕመሙ የተለመዱ ምልክቶች የሚከተሉት ናቸው፦

• በእንቅስቃሴ፣ በተለይም ቁልቁለት ሲወርዱና ከመቀመጫ ሲነሡ የሚብስ፣ በዕረፍት የሚቀንስ ሕመም፤
• ጠዋት ከመኝታ ሲነሡ ከ30 ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ የሚቆይ የጉልበት መገተር፤
• ጉልበት ሲታጠፍና ሲዘረጋ የሚሰማ መንቋቋት፤
• እብጠት፣ ጉልበትን ሙሉ በሙሉ መዘርጋት ወይም ማጠፍ አለመቻል፤
• ሕመሙ ሲቆይ የእግር ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መቆልመም።

ለሕመሙ የሚያጋልጡ ሁኔታዎች

ዕድሜ፣ ከፍተኛ የሰውነት ክብደት፣ ቀደም ሲል በጉልበት ላይ የደረሰ ስብራት ወይም የጅማት ጉዳት፣ በዘር የሚተላለፍ ተጋላጭነት እንዲሁም ለብዙ ዓመታት ቁጢጥ ማለት፣ መንበርከክና ከባድ ሸክም መሸከም የሚጠይቅ ሥራ ለሕመሙ ያጋልጣሉ። ሸክሙን በጀርባ አዝሎ ረጅም ቁልቁለት መውረድ የታመመን ጉልበት ይበልጥ ያስቆጣል።

በደጋማው አካባቢ የጉልበት ሕመም በብርድ ምክንያት እንደሚመጣ በስፋት ይታመናል። ብርድ መገተርንና የሕመም ስሜትን ሊያባብስ ቢችልም ልም አጥንትን የሚበላው ብርድ አይደለም። ጉልበትን በሙቅ ልብስ መጠቅለል ስሜቱን ስለሚያስታግስ ጥሩ ልማድ ነው፤ ሆኖም ምርመራንና ሕክምናን አይተካም።

በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም መሄድን የሚጠይቁ ምልክቶች

እያንዳንዱ የጉልበት ሕመም ኦስቲዮአርትራይተስ አይደለም። የሚከተሉት ምልክቶች የታዩበት ሰው ቀጠሮ ሳይጠብቅ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል መሄድ ይኖርበታል።

• ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያለበት፣ በድንገት ያበጠ፣ የቀላና የሚያቃጥል ጉልበት። ይህ በመገጣጠሚያ ውስጥ የመግል ኢንፌክሽን ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናው ከዘገየ መገጣጠሚያውን በቀናት ውስጥ ያበላሻል።
• ከመውደቅ ወይም ከአደጋ በኋላ በእግር መቆም አለመቻል።

እንደዚሁም ለሳምንታት የቆየ የአንድ ጉልበት እብጠት፣ የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ አብረው ከታዩ የመገጣጠሚያ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል መመርመር ያስፈልጋል። በድንገት ሌሊት የሚነሣ ብርቱ ሕመም የሪህ፣ በሁለቱም እጆች ጣቶች ጭምር የሚታይ እብጠትና ከአንድ ሰዓት በላይ የሚቆይ የጠዋት መገተር ደግሞ የሩማቶይድ አርትራይተስ ምልክት ሊሆን ይችላል። የእነዚህ ሕመሞች ሕክምና የተለየ በመሆኑ ሁሉንም ቁርጥማት ብሎ በአንድ መድኃኒት ማከም ጉዳት አለው።

ያለ ቀዶ ሕክምና የሚሰጥ እንክብካቤ

የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ ሕክምና መሠረቱ እንቅስቃሴ ነው። ጉልበቱ የታመመ ሰው ሙሉ ዕረፍት ማድረግ እንዳለበት የሚታመነው ስሕተት ነው። ጡንቻው ሲሳሳ ጉልበቱ ድጋፉን ያጣል፤ ሕመሙም ይብሳል። የሚከተሉትን እንቅስቃሴዎች ቤት ውስጥ፣ ያለ ምንም መሣሪያ መሥራት ይቻላል።

• የጭን ጡንቻን ማጠንከር፦ እግርን ዘርግቶ በመቀመጥ የጉልበትን ጀርባ ወደ ወለሉ መጫን፣ 5 ሰከንድ ያህል ይዞ መልቀቅ።
• እግርን ማንሣት፦ በጀርባ ተኝቶ ደህናውን እግር አጥፎ፣ የታመመውን ቀጥ አድርጎ አንድ ስንዝር ያህል ማንሣት፣ 5 ሰከንድ ይዞ ቀስ ብሎ ማውረድ።
• ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፦ ከፍ ባለ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ የተቻለ እንደሆነ ያለ እጅ ድጋፍ፣ ቀስ ብሎ መነሣትና መቀመጥ።

እያንዳንዱን 10 ጊዜ፣ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ መሥራት ይመከራል። መጠነኛ ሕመም መሰማቱ የተለመደ ነው፤ ሕመሙ እስከ ማግሥቱ ከዘለቀ ግን መጠኑን መቀነስ ያስፈልጋል። ለውጥ ለማየት ከ6 እስከ 12 ሳምንት ያለማቋረጥ መሥራት ይገባል።

ከፍተኛ ክብደት ያለው ሰው ክብደቱን ሲቀንስ ጉልበቱ በግልጽ ይቀለዋል። በእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት መቀነስ ከጉልበት ላይ 4 ኪሎ ግራም ያህል ጫና እንደሚያነሣ በጥናት ታይቷል።

ምርኩዝ መያዝ የድካም ምልክት ሳይሆን የሕክምና አካል ነው። ምርኩዙ የሚያዘው ከታመመው ጉልበት በተቃራኒው ባለው እጅ ነው፤ የቀኝ ጉልበት ከታመመ በግራ እጅ ይያዛል። ዳገት ወይም ደረጃ ሲወጣ ደህናው እግር ይቀድማል፤ ሲወርድ ምርኩዙና የታመመው እግር ይቀድማሉ። ከዝቅተኛ ዱካ ይልቅ ከፍ ያለ ወንበር መጠቀም፣ የጓዳ ሥራን በጠረጴዛ ከፍታ ማከናወን፣ ሸክምን ከፋፍሎ መሸከም ወይም በጋማ ከብት መጫን ጉልበትን ያሳርፋል።

ስለ ማስታገሻ መድኃኒቶችና ባህላዊ ሕክምናዎች

ፓራሲታሞል ቀላል ሕመምን ሊያስታግስ ይችላል፤ ለአዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊ ግራም ከ8 ፍሬ መብለጥ የለበትም። ጉልበት ላይ የሚቀባ የዳይክሎፌናክ ቅባት ለብዙ ሰው ይጠቅማል፤ በሆድ ላይ የሚያደርሰው ጉዳትም ከሚዋጠው ያነሰ ነው።

እንደ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና ኢንዶሜታሲን ያሉ የሚዋጡ ማስታገሻዎች ያለ ሐኪም ክትትል ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ የጨጓራ ቁስለትና መድማት፣ የኩላሊት ጉዳት እንዲሁም የደም ግፊት መጨመር ያስከትላሉ። ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን የተባሉት መድኃኒቶች ደግሞ ለጊዜው ፈጣን እፎይታ ስለሚሰጡ አንዳንድ ሰዎች በራሳቸው ፈቃድ ይቀጥሏቸዋል፤ ይህ የስኳር ሕመምን፣ የአጥንት መሳሳትንና ለኢንፌክሽን መጋለጥን ያመጣል። ስማቸው ያልተጻፈባቸውን ወይም በገበያ ላይ የሚሸጡ ክኒኖችን መውሰድ ፈጽሞ አይመከርም።

ጉልበትን በእሳት መተኮስ፣ መብጣትና ዋግምት የተበላውን ልም አጥንት አይመልሱም፤ ቁስሉም ለኢንፌክሽን በር ይከፍታል። በጉልበት ዙሪያ ያለ የቆየ ቁስል ቀዶ ሕክምናን ሊያዘገይ ወይም ሊከለክል እንደሚችል ማወቅ ያስፈልጋል። ያበጠን ጉልበት በወጌሻ ማሳሸትም ሳይመረመር የቀረ ስብራት ወይም ኢንፌክሽን ካለ ጉዳቱን ያባብሳል።

የጉልበት ቅየራ ቀዶ ሕክምና ለማን ያስፈልጋል?

ቀዶ ሕክምናው የሚታሰበው የሚከተሉት አንድ ላይ ሲሟሉ ነው፦ ሕመሙ እንቅልፍ የሚነሣና የዕለት ኑሮን የሚያስተጓጉል ሲሆን፣ ቆሞ በተነሣ ራጅ ላይ የመገጣጠሚያው መበላት በግልጽ ሲታይ፣ እንዲሁም እንቅስቃሴና መድኃኒት በአግባቡ ተሞክረው በቂ ለውጥ ሳይመጣ ሲቀር። በራጅ ላይ የሚታይ ጉዳት ብቻውን ቀዶ ሕክምናን አያስገድድም፤ ራጁ የከፋ ሆኖ ደህና የሚሄድ ሰው አለ።

በቀዶ ሕክምናው ሐኪሙ የተበላውን የአጥንት ጫፍ ገጽ ብቻ አንሥቶ በቦታው ከብረት ውሕድ የተሠራ ሽፋን ይገጥማል፤ በመካከሉም ጠንካራ የፕላስቲክ ትራስ ያስገባል። ሙሉ ጉልበቱ ተቆርጦ የሚወጣ አይደለም። ሥራው በአብዛኛው ከ1 እስከ 2 ሰዓት የሚወስድ ሲሆን፣ ከወገብ በታች በሚሰጥ ወይም ሙሉ በሙሉ በሚያስተኛ ማደንዘዣ ይከናወናል።

ውጤቱን በተመለከተ ታካሚው እውነተኛ ግምት ሊኖረው ይገባል። አብዛኛው ታካሚ ከሕመሙ እፎይታ ያገኛል። ከሌሎች ሀገራት የተሰበሰቡ የረጅም ጊዜ መረጃዎች ከተቀየሩ 10 ጉልበቶች 8ቱ ያህል ከ25 ዓመት በኋላም እንደሚያገለግሉ ያሳያሉ። በሌላ በኩል ከታካሚዎች ጥቂት የማይባሉት የተወሰነ ሕመም ይቀርባቸዋል። የተቀየረ ጉልበት በአብዛኛው ወንበር ላይ ለመቀመጥና ዳገት ለመውጣት በሚበቃ መጠን ይታጠፋል፤ ሙሉ በሙሉ ቁጢጥ ለማለት ግን ለብዙዎች አይበቃም። ኢንፌክሽንና የደም መርጋት በጥቂት ታካሚዎች ላይ ቢሆንም ሊከሰቱ የሚችሉ ከባድ ችግሮች ናቸው።

የሪፈራል ቅደም ተከተልና ወጪ

አገልግሎቱን የሚፈልግ ነዋሪ በቅድሚያ በቀበሌው ጤና ኬላ ወይም በአቅራቢያው ባለ ጤና ጣቢያ ይታያል። ከዚያም እንደ አስፈላጊነቱ ወደ መካነ ሰላም ወይም ወደ አቀስታ ሆስፒታል፣ ቀጥሎም በአቀስታ መንገድ ከመካነ ሰላም 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ደሴ፣ ወደ ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሊላክ ይችላል። የጉልበት ቅየራ በሀገሪቱ የሚሰጠው በውስን የመንግሥትና የግል ሆስፒታሎች በመሆኑ ታካሚው ወደ አዲስ አበባ ሊመራ ይችላል። የሚገጠመው አካል ከውጭ ሀገር የሚገባ በመሆኑም በመንግሥት ተቋማት የወረፋ ጊዜው ሊረዝም ይችላል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ከተጀመረባቸው 13 ወረዳዎች አንዱ በደቡብ ወሎ የሚገኘው ተሁለደሬ ነው። የመድኑ አባላት አገልግሎት የሚያገኙት ቅደም ተከተሉን ጠብቀው ሲሄዱ ስለሆነ የሪፈራል ወረቀት ሳይዙ በቀጥታ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል መሄድ ወጪውን በታካሚው ላይ ሊጥል ይችላል። የአባልነት መታወቂያ የታደሰ መሆኑን ከጉዞ በፊት ማረጋገጥ ያስፈልጋል። መዋጮ መክፈል የማይችሉ ቤተሰቦች በቀበሌያቸው በኩል ተለይተው መዋጯቸው በመንግሥት የሚሸፈንበት አሠራር አለ።

በሬ፣ መሬት ወይም ሌላ መተዳደሪያ ከመሸጥ በፊት ታካሚው ከሚታከምበት ሆስፒታል የሚከተሉትን ጥያቄዎች መልስ፣ የተቻለ እንደሆነ በጽሑፍ፣ ማግኘት ይኖርበታል፦

• የሚገጠመው አካል በጤና መድን ይሸፈናል ወይስ በታካሚው ይገዛል? ዋጋው ስንት ነው?
• የመኝታ፣ የምርመራ፣ የመድኃኒትና የፊዚዮቴራፒ ወጪ በዋጋው ውስጥ ተካቷል?
• ቀጠሮው ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በከተማው ለምን ያህል ቀን መቆየት ያስፈልጋል?
• ስፌት ማስፈታትና ክትትል በአቅራቢያ ባለ ሆስፒታል መሆን ይችላል?
• የክትትል ቀጠሮዎች ስንት ናቸው?

የመጓጓዣ፣ የአስታማሚ ምግብና ማረፊያ እንዲሁም ታካሚው ከሥራ ርቆ የሚቆይባቸው ወራት ከወጪው ጋር ተደምረው መታሰብ አለባቸው። ከእርሻ ሥራ ጋር በተያያዘ ቀጠሮው ከተቻለ ከአዝመራ መሰብሰብ በኋላ ባሉት ወራት ቢሆን ቤተሰቡ ይበልጥ ይረዳዳል፤ በክረምት ጭቃ በክራንች መሄድም አደገኛ ነው።

ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚደረግ ዝግጅት

የጤና ዝግጅት፦ የስኳር ሕመምና የደም ግፊት በቁጥጥር ሥር መሆን፣ የደም ማነስ መታከም፣ የጥርስና የቆዳ ኢንፌክሽን አስቀድሞ መዳን አለባቸው። ትንባሆ ማጨስ ቁስል እንዳይድን ስለሚያደርግ ማቆም ያስፈልጋል። ታካሚው የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ፣ ባህላዊውን ጨምሮ፣ ለሐኪሙ መንገር አለበት። በቅርብ ወራት በጉልበቱ ውስጥ መርፌ ተወግቶ ከሆነም ይህንኑ ማሳወቅ ይጠበቅበታል። ከላይ የተገለጹትን እንቅስቃሴዎች ከቀዶ ሕክምናው በፊት የጀመረ ሰው በኋላ ቶሎ ይጠነክራል።

የቤት ዝግጅት፦ ታካሚው ከቤቱ ከመውጣቱ በፊት የሚከተሉት መዘጋጀት አለባቸው፤ ከተመለሰ በኋላ ማዘጋጀት ይዘገያል።

• ከፍታው እስከ ጉልበት የሚደርስ አልጋና የእጅ መደገፊያ ያለው ጠንካራ ወንበር። መደብ ላይ ወይም መሬት ላይ የሚተኛ ሰው ከፍ ያለ አልጋ ያስፈልገዋል።
• ለመጸዳጃ ቤት መቀመጫው የተበሳ ጠንካራ የእንጨት ወንበር። የአካባቢው አናጺ በቀላሉ ሊሠራው ይችላል። ከጎኑ የሚጨበጥ እንጨት በግድግዳው ላይ ቢመታ ለመነሣት ይረዳል።
• ከመኝታ እስከ መጸዳጃ ቤት ያለው መንገድ መስተካከል፣ ድንጋዩ መነሣት፣ የሚያንሸራትተው ቦታ ጠጠር መልበስና ለሌሊት የእጅ ባትሪ መዘጋጀት።
• ክራንች ወይም ባለ አራት እግር መደገፊያ። በደሴ የሚገኘው የአካል ተሐድሶ ማዕከል የመንቀሳቀሻ ድጋፍ ለሚያስፈልጋቸው ሰዎች አገልግሎት ይሰጣል።
• ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት አብሮት የሚሆን አስታማሚ፤ ውኃ የሚቀዳና ከብት የሚጠብቅ ሰው።

የማገገሚያ ጊዜ

የመጀመሪያዎቹ ቀናት፦ ታካሚው በቀዶ ሕክምናው ዕለት ወይም በማግሥቱ በባለሙያ ድጋፍ ቆሞ እንዲራመድ ይደረጋል። ሕመም ቢኖርም መንቀሳቀስ ጉዳት አያመጣም፤ የደም መርጋትን ይከላከላል። ቁርጭምጭሚትን በየሰዓቱ ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ፣ ተረከዝን በአልጋው ላይ እየሳቡ ጉልበትን ማጠፍና መዘርጋት ያስፈልጋል። ከጉልበት ሥር ትራስ ማድረግ ምቾት ቢሰጥም ጉልበቱ ታጥፎ እንዲቀር ስለሚያደርግ የተከለከለ ነው፤ ትራስ የሚደረገው ከተረከዝ ሥር ነው።

ወደ ቤት የሚደረግ ጉዞ፦ ከአዲስ አበባ ወይም ከደሴ ወደ መካነ ሰላምና ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚደረገው ጉዞ ረጅም በመሆኑ ቀኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። እግር ተዘርግቶ የሚቀመጡበት ወንበር መያዝ፣ በየአንድ ሰዓቱ ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ፣ መኪናው ሲቆም ወርዶ ጥቂት መራመድ፣ ውኃ መጠጣትና የታዘዘውን የደም መርጋት መከላከያ መድኃኒት አለማቋረጥ ይገባል። መኪና በማይደርስበት ቦታ ታካሚውን በቃሬዛ መሸከም ይሻላል፤ በበቅሎ መጓዝ በዚህ ወቅት የመውደቅ አደጋ አለው።

እስከ 6 ሳምንት፦ ስፌቱ በአብዛኛው ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይፈታል። እስከዚያ ቁስሉ ንጹሕና ደረቅ ሆኖ መቆየት አለበት፤ ቅቤ፣ ቅጠል፣ አፈርም ሆነ ሌላ ነገር አይደረግበትም፤ በጠበልም ሆነ በሌላ ውኃ አይነከርም። እንቅስቃሴዎቹ በቀን 3 ጊዜ ይሠራሉ። ይህ ጊዜ ጉልበቱ ምን ያህል እንደሚታጠፍና እንደሚዘረጋ የሚወሰንበት ነው። በእነዚህ ሳምንታት በአልጋ የዋለ ጉልበት ይገተራል፤ በኋላ ማስተካከሉም ከባድ ነው። ቤተሰብ በርኅራኄ ታካሚውን አልጋ ላይ ማዋሉ ውጤቱን ይጎዳል።

ከ6 ሳምንት እስከ 3 ወር፦ ከሁለት ክራንች ወደ አንድ ምርኩዝ ይሸጋገራል፤ በደልዳላ መንገድ የሚሄድበት ርቀት ቀስ በቀስ ይጨምራል። ዳገትና ቁልቁለት በአጭሩ፣ በሰው ታጅቦ ይጀመራል። ቀላል የቤት ሥራ ቆሞ ወይም በከፍተኛ ወንበር ተቀምጦ መሥራት ይቻላል።

ከ3 ወር እስከ 1 ዓመት፦ አብዛኛው ታካሚ ወደ ዕለት ተግባሩ ይመለሳል። እብጠትና ሙቀት ለወራት ሊቆይ ይችላል። የጡንቻ ጥንካሬ እስከ አንድ ዓመት መሻሻሉን ይቀጥላል። እርሻ ማረስ፣ በበቅሎ መቀመጥና ሸክም መሸከም ሐኪሙ ሳይፈቅድ አይጀመሩም። ከባድ ሸክምና መዝለል ግን የተገጠመውን አካል ዕድሜ ስለሚያሳጥሩ ለዘለቄታው ቢቀሩ ይመረጣል።

አመጋገብ፦ ቁስል ለመዳንና ጡንቻ ለመጠንከር ገንቢ ምግብ ያስፈልጋል። እንቁላል፣ ወተትና ሥጋ፣ በጾም ወቅት ደግሞ ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ሽምብራ በየቀኑ ቢቀርቡ መልካም ነው። በጾምም ሆነ በረመዳን የመድኃኒት ሰዓት እንዳይዛባ ታካሚው አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ይኖርበታል።

ስግደትና ማኅበራዊ ሕይወት

የደቡብ ወሎ ክርስቲያንና ሙስሊም ነዋሪዎች በጋራ የሚያነሡት ጥያቄ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ መስገድ ይቻል እንደሆነ ነው። ከሕክምና አንጻር ቁስሉ ከዳነ በኋላ ለስላሳ ነገር አንጥፎ መንበርከክ ለአንዳንዶች ይቻላል፤ ተገጣሚውንም ወዲያውኑ አይጎዳም። ሆኖም ብዙዎች ምቾት አይሰጣቸውም፤ ተረከዝ ላይ መቀመጥም ያዳግታቸዋል። ለታመመ ሰው በመስጊድ ወንበር ላይ ሆኖ መስገድ፣ በቤተ ክርስቲያንም ቆሞ በመቋሚያ መደገፍ ወይም መቀመጥ የታወቀ ነው። ታካሚው የንስሐ አባቱን ወይም የአካባቢውን የሃይማኖት አባት ከቀዶ ሕክምናው በፊት ቢያማክር በኋላ ከጭንቀት ይድናል።

ለቅሶ ቤትም ሆነ ሠርግ ሲሄድ ከፍ ያለ መቀመጫ መጠየቅ ነውር አይደለም። ዕድርተኞችና ጎረቤቶች ይህንን አውቀው ቢያዘጋጁለት ታካሚው ከሰው ሳይለይ ያገግማል።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ በአስቸኳይ መታየት ያለባቸው ምልክቶች

• ከቁስሉ የሚወጣ መግል ወይም የማያቋርጥ ፈሳሽ፣ እየሰፋ የሚሄድ መቅላት፣ ትኩሳት፤
• የባት ብርቱ ሕመምና የአንድ እግር እየጨመረ የሚሄድ እብጠት፤
• ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ውጋት ወይም ደም የተቀላቀለበት ሳል፤
• ከመውደቅ በኋላ በእግር መቆም አለመቻል፤
• ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላም ቢሆን ደህና የነበረ ጉልበት በድንገት ማበጥና መሞቅ።

የትንፋሽ ማጠርና የደረት ውጋት ለሕይወት የሚያሰጉ በመሆናቸው ታካሚው ወደ ቀዶ ሕክምናው ቦታ እስኪመለስ ሳይጠብቅ በአቅራቢያው ወዳለው ሆስፒታል ወዲያውኑ መወሰድ አለበት። በተረፈም በጉልበቱ ላይ ኢንፌክሽን የተጠረጠረ እንደሆነ ያለ ምርመራ በራስ ፈቃድ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት መጀመር ምርመራውን ያበላሻል።

ታካሚው የመውጫ ወረቀቱን፣ የራጅ ፊልሙንና የተገጠመለትን አካል ዓይነት የሚገልጸውን ካርድ በአንድ ላይ አድርጎ፣ እንዳይረጥብ ጠቅልሎ ማስቀመጥ አለበት። በኋላ የሚያየው ማንኛውም ሐኪም፣ የጥርስ ሐኪምን ጨምሮ፣ ጉልበቱ የተቀየረ መሆኑን ማወቅ ይኖርበታል።

ማጠቃለያ

የጉልበት ሕመም ያለበት ሰው የመጀመሪያ እርምጃው መመርመር፣ ሁለተኛው ጡንቻን ማጠንከርና ጉልበትን ከጫና ማሳረፍ ነው። ቀዶ ሕክምና የሚመጣው እነዚህ ሳይበቁ ሲቀሩ ነው። ቀዶ ሕክምና የወሰነ ሰውም ቤቱን፣ መንገዱን፣ አስታማሚውንና ወጪውን አስቀድሞ ካዘጋጀ፣ እንቅስቃሴውንም ካላቋረጠ፣ ወደ ደጁ፣ ወደ ገበያውና ወደ እምነት ቦታው በራሱ እግር የመመለስ ዕድሉ ሰፊ ነው። ለተጨማሪ ማብራሪያ ነዋሪዎች በቀበሌያቸው የሚገኙ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን፣ በአቅራቢያቸው ያለውን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ማነጋገር ይችላሉ። የጤና መድንን የሚመለከቱ ጥያቄዎች በየወረዳው የጤና መድን ጽሕፈት ክፍል ይስተናገዳሉ።